ዘውዱን ተዉትና ጎተራውን አሳዩኝ

እኛ ዘንድ ስለ ጥንት ግብፃውያን የሚወራው ሁሉ ስለ ዘውድ ነው። ወልድያ አንድ ሻይ ቤት ቁጭ በሉና ጨዋታው ወደ ዓባይ እስኪዞር ጠብቁ። አንዱ «ፈርዖኖቹ እኮ የኛው ሰዎች ነበሩ፣ ፒራሚዱንም ያቆምነው እኛ ነን» ይላል። ሌላው «ኧረ ተወኝ፣ ፈርዖን ያው የሙሴ ፈርዖን ነው፣ ልቡ የደነደነ» ብሎ ያቋርጠዋል። አንደኛው ሊወርስ፣ ሁለተኛው ሊረግም ይጣደፋል እንጂ ሁለቱም ዓይናቸውን ከዙፋኑ ላይ አያነሡም። እኔ መርሳ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሀብሩ ላይ የሩቅ አገር ወሬ ሲመጣ ትልልቆቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት «እህሉስ እንዴት ነው?» ብለው ነበር። ስለ ጥንቷ ግብፅ በአማርኛ የሚጻፈው ሁሉ ይህቺን አንዲት ጥያቄ እየዘለለ ማለፉ ያናድደኛል።

ከወራሾቹ ልጀምር። ማስረጃ ብለው የሚያቀርቡት 25ኛውን ሥርወ መንግሥት ነው። እውነት ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛውና በ7ኛው ክፍለ ዘመን ፒዬ፣ ሻባካ፣ ታሃርቃ የሚባሉ ጥቁር ነገሥታት ከደቡብ ተነሥተው ግብፅን ገዝተዋል። መጽሐፍ ቅዱሳችንም በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ታሃርቃን ቲርሐቅ ብሎ የኢትዮጵያ ንጉሥ ያደርገዋል። ዕብራይስጡ ግን ኩሽ ነው የሚለው። ኢትዮጵያ የሚለው ስም የግሪኮች ነው፤ እነሱ ደግሞ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን የጥቁር ሰው አገር ሁሉ በዚሁ ስም ይጠሩት ነበር። የእነዚያ ነገሥታት ከተማ ናፓታ ነበረች፣ ጀበል ባርካል ሥር። የታሃርቃ ፒራሚድ ኑሪ ላይ ነው። ሁለቱም ቦታ ሱዳን ነው። ላሊበላን ፈረንጅ ነው የሠራው ሲባል ደማችን የሚፈላ እኛ ሰሜን ወሎዎች፣ የሱዳንን ታሪክ ከሱዳን ነጥቀን ስንኩራራ ምን እንባላለን?

«ውኃው የኛ ነው፣ ያለኛ ግብፅ የለችም» ለሚለውም መልስ አለኝ። የመርሳ ዝናብ ግብፅን አያውቃትም። ከወልድያ ወደ ምዕራብ ዳገቱን ወጥታችሁ ጫፉን ካለፋችሁ በኋላ የሚዘንበው ነው ተከዜን ወይም በሽሎን ተከትሎ እዚያ የሚደርሰው። ወልድያና ሀብሩ ላይ የሚወርደው ወደ አፋር ቆላ ሄዶ እዚያው ይቀራል። ደጋው ካለ ጎርፉ አይኖርም ነበር፣ ልክ ነው፤ ግን ጎርፉን ይዞ ማን ምን እንዳበቀለበት ካልጠየቅን ይህም ያው የዘውድ ጨዋታ ነው።

ከግብፅ በእርግጥ የወረስነው ነገር ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ባለ 30 ቀን 12 ወራትና መጨረሻቸው ላይ 5 ትርፍ ቀን፤ ይህን የቀመሩት የጥንት ግብፃውያን ናቸው። በየአራት ዓመቱ የምትመጣዋ ስድስተኛ ቀን በኋላ ተጨምራበት በእስክንድርያ በኩል ደረሰን። ጳጉሜን የሚለው ስም ራሱ ከግሪክኛ የመጣ ነው፣ «የተጨመረ» ማለት ነው። (ግድባችን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. መመረቁን ሳስበው ፈገግ ያሰኘኛል።) ዓመታቸውን በሦስት ይከፍሉት ነበር፦ ጎርፍ፣ ቡቃያ፣ አጨዳ። የውኃውን ከፍታ ድንጋይ ላይ ምልክት አድርገው ይለኩ ነበር። ካነሰ ረኃብ ነው፣ ከልክ ካለፈም ቤትና ጎተራ ይዞ ይሄዳል። የሚበሉት ገለባው ከፍሬው አልላቀቅ የሚለውን፣ የኛ ገበሬዎች አጃ የሚሉትን ዓይነት ስንዴ ነበር፤ ዳቦና የገብስ ጠላ የሌለበት ቀን አልነበራቸውም። ሀብሩ ላይ ብቅል የምታበቅል ሴት ከዙፋኑ ይልቅ ይሄኛው ይቀርባታል።

ወሎ ላይ ዮሴፍና ዩሱፍ ጎረቤት ናቸው። ሰባቱን ጥጋብና ሰባቱን ረኃብ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያውቀዋል። ግን ኦሪት ዘፍጥረት 47ን እስከ መጨረሻው የሚያነብ ጥቂት ነው። ሕዝቡ መጀመሪያ ብሩን፣ ቀጥሎ ከብቱን፣ በመጨረሻ መሬቱንና ራሱን ለእህል ሰጠ፤ ከዚያ በኋላ ከምርቱ አምስተኛውን ለፈርዖን ገበረ። ጎተራ ያለው ሰው መሬቱንም እንደሚወስድ ከዚህ የበለጠ ግልጽ አድርጎ የነገረኝ የታሪክ መጽሐፍ የለም።

የራሳቸው የግብፃውያን ጽሑፍም አለ። ሞዓላ በሚባል ቦታ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 2100 ዓመት ገደማ የኖረ አንኽቲፊ የሚባል አገረ ገዥ በመቃብሩ ግድግዳ ላይ ይፎክራል። ደቡቡ አገር ሁሉ በረኃብ ሲያልቅ እኔ በግዛቴ ውስጥ አንድ ሰው እንዲሞት አልፈቀድሁም፣ ለሌሎችም እህል ላክሁ ነው የሚለው ባጭሩ። ጉራ ነው፤ የኛ ፎካሪም ከዚህ አያንስም። ግን እስቲ ጉራውን ልብ በሉት። ያ ሹም ለዘላለም እንዲነበብለት የፈለገው ስንት ሰው እንደገደለ ብቻ አይደለም፣ ስንት ሰው እንዳበላ ነው። ከዚያ ወደ 1965 ዓ.ም. ኑ። ወሎ ሲያልቅ የነበረው ሹማምንት ያደረጉት መደበቅ ነበር። ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው የረኃቡ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት ነው፣ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። ይህን የኖረ ሕዝብ የሌላ አገር ታሪክ ሲያነብ ዘውድ ብቻ ፍለጋ መሄዱ አይገባኝም።

«የኩራት ታሪክ ያስፈልገናል» የሚሉኝ አሉ። ያስፈልገን ይሆናል። ታዲያ ለመኩራት የግድ ንጉሥ መሆን አለብን? ቴብስ አጠገብ፣ ዛሬ ዴር ኤል መዲና በሚባለው መንደር የነገሥታቱን መቃብር የሚፈለፍሉ ሠራተኞች ይኖሩ ነበር። ባሪያ አልነበሩም። ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍ ይችላሉ፣ በየፈረቃው የቀረውን ሰውና ምክንያቱን ሳይቀር ይመዘግባሉ። ድርጎቸው እህል ነበር። ተራ ሠራተኛ በወር 4 ጆንያ ስንዴና አንድ ጆንያ ተኩል ገብስ ያገኛል፣ አንዱ ጆንያ 76 ሊትር ገደማ ነው። አለቃው 5 ተኩል ስንዴና 2 ገብስ። ከዚህ ላይ የአሣና የአትክልት፣ የማገዶና የልብስ ነገር ይጨመራል።

በሦስተኛው ራምሴስ 29ኛው ዓመት፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ ድርጎው ቀረ። ሰዎቹ መሣሪያቸውን አስቀምጠው አምስቱን የጥበቃ ቅጥር አልፈው ወጡና ከአንድ ቤተ መቅደስ ጀርባ ተቀመጡ። 18 ቀን አለፈ፣ ርቦናል አሉ። ሹማምንት ተስፋ ሰጥተው መለሷቸው። በማግስቱ እንደገና ወጡ። ረኃብና ጥም ነው ያመጣን፤ ልብስ የለም፣ ቅባት የለም፣ አሣ የለም፣ አትክልት የለም፤ ለፈርዖን ጻፉለት አሉ። አንድ ጸሐፊ ይህን ሁሉ ቀን በቀን ጻፈ፣ ወረቀቱ ዛሬ ጣልያን ውስጥ በቱሪን ሙዚየም ይገኛል። በዓለም ላይ ተጽፎ ከተገኘው የሥራ ማቆም አድማ ሁሉ የቀደመው ይህ ነው። በ2013ና 2014ቱ ጦርነት ባንክ ተዘግቶበት ያለ ደመወዝ የከረመ የወልድያ መምህር ይህን ወረቀት ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። የፈርዖኖቹን የነገሥታት ዝርዝር ግን ሸምድዶ ያስተምራል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከሁሉ የሚያበሳጨኝ እሱ ነው። አድማው ተራዘመ። የከተማው ከንቲባ በዚያ ሲያልፍ ጮኹበት፣ እሱም ፈርዖን ድርጓችሁን እስኪሰጥ ብሎ 50 ጆንያ ስንዴ ሰጣቸው። ወዲያው ክስ ቀረበበት፦ የቤተ መቅደሱን መባ ለአድመኞች አበላ ተብሎ።