ፈልጎ ስለ ማግኘት

ዛሬ ነጋዴው በሱቁ፣ ተማሪው በመንገዱ፣ ሽማግሌውም በመደቡ ላይ ሆኖ የሚገልጠው ፌስቡክ፣ ማርክ ዙከርበርግ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በፌብሩዋሪ 2004 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በከፈተው ጊዜ፣ የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ስምና መልክ የሰፈረበት መዝገብ ከመሆን የሚያልፍ አልነበረም። ወሬ አያመጣም፣ በማያውቁት ሰው ጠብ ማንንም አያስገባም፤ የገባበት ሰው የሚያደርገው ነገር ቢኖር የሚፈልገውን ስም ጽፎ፣ ገጹን ገልጦ፣ ወዳጆቹ እነማን እንደ ሆኑ ተመልክቶ መመለስ ነበር። ከእርሱ በፊት የተነሡት ሲክስ ዲግሪስ በ1997፣ ፍሬንድስተርም በ2002፣ ሰው ከሰው ጋራ በማን በኩል እንደሚተዋወቅ ለማሳየት የታሰቡ ነበሩ፤ ፍሬንድስተር እንዲያውም ይህን የትውውቅ ሐረግ ለእያንዳንዱ ገቢ ለመቀመር ሲደክም ገጹ እየዘገየ ሄዶ ብዙዎች ትተውታል። እኔ በዚህ ዓምድ የምከራከረው ይህ የመጀመሪያው ጠባይ፣ ማለት ሰውን ፈልጎ ማግኘት፣ ከኋላ ከተጨመረው ሁሉ እንደሚበልጥ ነው፤ የምከራከረውም ከቀብሪበያ ሆኜ ነው።

ቀብሪበያ ከጅጅጋ ወደ ደገሃቡር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ዛፍ በራቀው ሜዳ መካከል የተቀመጠች፣ ውሃዋን በአህያ ጋሪ እያስጫነች የኖረች ከተማ ናት። በ1991 የሶማሊያ መንግሥት ፈርሶ ሕዝቡ በተሰደደ ጊዜ የስደተኞች መጠለያ ተከፈተባት፤ ለጥቂት ጊዜ የታሰበው መጠለያም ልጆች ተወልደው፣ አድገው፣ ራሳቸው ልጅ የወለዱበት ሰፈር ሆነ። ከዚያ ወዲያ ብዙዎች በመልሶ ማስፈር ወደ አሜሪካና ወደ ሌሎችም አህጉር ስለ ተወሰዱ፣ በጦርነት የተበተነው ቤተሰብ በምሕረትም ዳግመኛ ተበተነ። በዚያ ዘመን የጠፋ ዘመድ የሚፈለገው በቀይ መስቀል ነበር፤ መልእክቱ ባልታሸገ ወረቀት ተጽፎ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፣ የጠፉትም ሰዎች ስም በቢቢሲ የሶማሊኛ ሥርጭት ይነበባል። ያን ሥርጭት የሚያዳምጥ ቤተሰብ ስሙ ሳይጠራ ካለፈ እስኪነበብ ድረስ ከመጠበቅ በቀር ሌላ ሥልጣን አልነበረውም።

እንግዲህ ፌስቡክ በ2005 መጨረሻ ፎቶግራፍ ማኖርንና በፎቶግራፉ ላይ ያሉትን ሰዎች በየስማቸው ማመልከትን በጨመረ ጊዜ፣ በሴፕቴምበር 2006ም በሩን ዕድሜው 13 ለሞላ ሁሉ በከፈተ ጊዜ፣ ፈጣሪዎቹ ሳያስቡት ለዚህ ሕዝብ ታላቅ ነገር አድርገዋል። በሶማሌ ዘንድ የሰው ስም የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ነው፤ መሐመድ አብዲ ብሎ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው አንድ ሳይሆን እልፍ ነው፤ ሕዝቡም ረጅሙን ዴሬ፣ ግራኙን ጉሬ እያለ በቅጽል ስም የሚለየው ስለዚህ ነው። በጅጅጋ በአንድ ኢንተርኔት ቤት አንዲት ከመጠለያው የመጡ እናት ከአንድ ወጣት ወንበር አጠገብ ቆመው የወንድማቸውን ስም ሲያስጽፉ አይቻለሁ። መልኮቹ ተደረደሩ፤ አንዱም እርሱ አልነበረም። እናቲቱ ግን «የእኅቴን ልጅ ፈልግልኝ፣ ወዳጆቹንም አሳየኝ» አሉ፤ ከወዳጅ ወደ ወዳጅ ሲሄዱ አንድ የሠርግ ፎቶግራፍ ተገለጠ፤ በጥግ በኩል፣ ስሙ ያልተመለከተለት፣ ጢሙን በሂና ያቀላ ሰው ቆሟል። «ዋላልኬይ» ብለው ጣታቸውን መስተዋቱ ላይ አኖሩ፤ ወንድሜ ማለታቸው ነው። ሁለት እንግዳ ሶማሌዎች ሲገናኙ አብቲርሲ የተባለውን የአባቶች ሐረግ እየቆጠሩ የሚያገናኛቸውን አያት እንደሚያገኙ፣ ያ የወዳጆች ዝርዝርም እኒህን እናት ከዘመዳቸው አደረሳቸው።

ነገር ግን በዚያው ሴፕቴምበር 2006፣ በሩ ለሁሉ ከመከፈቱ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ፣ ኒውስ ፊድ የተባለው ተጨምሮ ነበር። እስከዚያ ድረስ ሰው ወደ ወዳጁ ገጽ ይሄድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የወዳጁ ነገር ሁሉ ሳይጠራ ወደ እርሱ መጣ። በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ተጠቃሚዎች ተቃወሙ፣ ዙከርበርግም ስላደረገበት መንገድ ይቅርታ ጠየቀ፤ ኒውስ ፊዱ ግን ጸንቶ ቀረ። በፌብሩዋሪ 2009 ላይክ ታከለ፤ በጊዜ ቅደም ተከተል ይታይ የነበረውም ጽሑፍ ብዙ ላይክና ብዙ አስተያየት ያገኘው እየቀደመ ይታይ ጀመር። ፈላጊ የነበረው ሰው ተመልካች ሆነ፤ ቁጣን የሚያነሣሣ ቃልም ከሰላምታ ይልቅ ፈጥኖ ተሰራጨ። ይህን ጉዳት በአገራችን ያላየ ሰው የለምና አላስረዝመውም።

ለድኻ ስልክ የተደረገውን ግን ማመስገን ይገባል። በ2011 ለተራ ስልክ ሁሉ የሚሆን፣ በ2015 ደግሞ ላይት የተባለው ቀላል ፌስቡክ ወጣ፤ ደካማ ኔትወርክ ላለበት ሜዳ ይህ ከፎቶግራፍ ማሳመሪያ ሁሉ ይበልጣል። ሶማሊኛ ከ1972 ጀምሮ በላቲን ፊደል የሚጻፍ ስለ ሆነ በየትኛውም ስልክ ላይ ያለ ችግር ሲነበብ፣ የእኛ ፊደል በብዙዎቹ ላይ ባዶ ሣጥን ሆኖ ይታይ ነበር፤ ስለዚህ የከተማዋ አማርኛ ተናጋሪ ልጆች ከጎረቤቶቻቸው ዘግይተው፣ አማርኛውን በላቲን እየጻፉ ገቡበት።

በ2013 ሰውን በትውልድ ቦታው፣ በትምህርት ቤቱና በወዳጆቹ አዋሕዶ መፈለግ የሚያስችል ግራፍ ሰርች የተባለ ጥበብ ተጀመረ፤ በእንግሊዝኛ ብቻ ስለ ነበረ እምብዛም ሳይደርሰን እየተመናመነ ጠፋ። በኤፕሪል 2018 በስልክ ቁጥር መፈለግም ተዘጋ፤ ምክንያቱ ተንኮለኞች የሰውን ምሥጢር በጅምላ ስለሚለቅሙበት ነበርና ፍርዱ እውነትነት አለው። ከአራት ወር በኋላ፣ በኦገስት 2018 መጀመሪያ፣ በጅጅጋ የሰው ደም ፈሰሰ፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ኢንተርኔትም ተቋረጠ። በ2014 የወጣው፣ በአደጋ ጊዜ ሰው «ደኅና ነኝ» ብሎ የሚያስታውቅበት ምልክት እንኳ መስመር ከሌለ አይሠራምና፣ በውጭ ያለው ዘመድ ሁሉ በጨለማ ጠየቀ።

ሬፍዩናይት የተባለው፣ ሁለት የዴንማርክ ወንድማማቾች ለስደተኞች ያቋቋሙት ድርጅት፣ ተፈላጊው ሙሉ ስሙን ሳይገልጥ በቅጽል ስሙና ቤተሰቡ ብቻ በሚያውቀው ምልክት እንዲመዘገብ አድርጓል፤ ተንኮለኛው አያውቀውም፣ እናት ግን ታውቀዋለች። ፌስቡክ የዘጋውን በር በዚህ ሥርዓት፣ ተፈላጊው በፈቀደ መጠን፣ በሶማሊኛም በአማርኛም መልሶ እንዲከፍት እጠይቃለሁ።