የጤና መድህን ድጎማ የመንግሥት ዕዳ ነው፤ ይከፈል!



ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በ4 ክልሎች በሙከራ ሲጀመር የተገባው ቃል ግልፅ ነበር። አባወራው ዓመታዊ መዋጮውን ይከፍላል፤ የፌዴራሉ መንግሥት የመዋጮውን 25 በመቶ ይደጉማል፤ መክፈል ለማይችለው ድሃ ክልሉና ወረዳው ይከፍሉለታል ተባለ።

ቃሉ መልካም ነው። ካልተከፈለ ግን ማን ይጎዳል? በሽታ የበጀት መልቀቂያ ደብዳቤ አይጠብቅም። የድሃው መዋጮ በወቅቱ ካልገባ፣ ሕክምናው የሚሸፈነው የሲቀላው ቸርቻሪና የጨንቻው ሸማኔ ላባቸውን አንጠፍጥፈው ባዋጡት ገንዘብ ነው። ያ ሲያልቅ ጤና ጣቢያውና ሆስፒታሉ ያልተከፈለ ሒሳብ ታቅፈው ይቀራሉ፤ መድኃኒት መግዣም ያጣሉ። አባሉም ደብተሩን ይዞ ሲቀርብ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ» ይባላል። ለአንድ ሕክምና ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው።

የደመወዝተኛው ነገር ይብሳል። ማኅበረሰብ አቀፉ መድህን የተቋቋመው መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ነው። ለደመወዝተኛው የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ወጣ፤ ሠራተኛው 3፣ አሠሪው 3 በመቶ እንዲያዋጡ የሚለው ደንብም በ2005 ዓ.ም. ተከተለ። ከዚያ ወዲያ ዓመታት በቀጠሮ አለፉ። መምህሩና የቢሮ ሠራተኛው ከሁለቱም ውጭ ሆነው ከረሙ።

በጀት የለም የሚለውን መልስ አንቀበልም። የአፍሪካ መሪዎች በ1993 ዓ.ም. አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተዋል። ድሃን በወረቀት መዝግቦ ገንዘቡን ማስቀረት ከሕመምተኛ መበደር ነው።

ስለዚህ ፓርቲያችን ሲመረጥ፦

1. የድሃው መዋጮ በበጀት ዓመቱ የመጀመሪያ ሩብ ዓመት ለመድህኑ ገቢ ይሆናል፤ ለሌላ ሥራ ማዋል በሕግ ይከለከላል። ለዚህ አዲስ ግብር አንጥልም፤ ከመኪና ግዥና ከስብሰባ አበል በፊት ይከፈላል።
2. የጤና ተቋማት ሒሳብ በ30 ቀን ውስጥ ይወራረዳል።
3. መድኃኒት በተቋሙ ጠፍቶ ከውጭ የገዛ አባል በደረሰኙ ገንዘቡ ይመለስለታል።
4. የደመወዝተኛው መድህን የሚጀመርበት ቀን ተቆርጦ ይታወጃል።
5. የተሰበሰበው መዋጮ፣ የተከፈለው ድጎማና የቀረው ዕዳ በየ3 ወሩ በየቀበሌው ይለጠፋል። የጋሞ አባቶች የጋራ ጉዳይን በዱቡሻ፣ በሕዝብ ፊት ይመክሩበታል፤ የሕዝብ ገንዘብም በሕዝብ ፊት ይቆጠር።

ቃል የእምነት ዕዳ ነው። ዕዳውን የሚከፍል መንግሥት ለማቆም ድምፃችሁን ስጡን!