ውሃው መሄጃ ሲያጣ

ልጆቻችን ትምህርት ቤት የሚዘጋላቸው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ የመናገሻ ሱባ ደን መንገድ የሚበላሸውም ያኔውኑ። ከብስራተ ገብርኤል በጀሞ፣ በዓለም ገና አድርጎ እስከ ሰበታ ድረስ አስፋልት ስለሆነ ችግር የለም። ጉዱ ያለው ከሰበታ ወዲያ ወደ ጫካው ሲታጠፉ ነው።

አምና ነሐሴ ልጆቼንና ድንኳኔን ይዤ ከወጨጫ ተራራ ግርጌ አደርን። ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው አደረ። ጉሬዛዎቹ እንኳ ድምፃቸውን አጠፉ። ጠዋት ስንመለስ መኪናዋ ወደፊት መሄዱን ትታ ወደ ጎን ትንሸራተት ጀመር፤ ጥቂት እንደሄደች በሆዷ ተቀመጠች። አካፋ የያዙ ጎረምሶች ከየት እንደመጡ ሳላይ ከበቡኝ።

አንደኛው ጎንበስ ብሎ አየና «ጋሼ፣ መኪናው ምን ያድርግ? ውሃው መሄጃ አጥቶ እኮ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ከመንገዱ ሥር ያለው ቱቦ በአፈርና በቅጠል ተደፍኗል፤ ጎርፉ የጎማ ዱካ እየተከተለ መንገዱን መሐል ለመሐል ቦርቡሮታል። ለግፊያው የከፈልኩትን ለባለቤቴ እስካሁን አልነገርኳትም።

ወዳጆቼ «አስፋልት ይግባ» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት የሚባልለት ደን ነው፤ አስፋልት ድንኳን ጫኝን ብቻ ሳይሆን ግንድ ጫኝንም ይጠራል። የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1996 እ.ኤ.አ. አደጋ ካንዣበበባቸው የዓለም ቅርሶች መዝገብ ሲገባ ከተነሱት ስጋቶች አንዱ የመንገድ ሥራ ነበር፤ ከመዝገቡ የወጣው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው።

እኔ የምለው፣ ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ ቦዩ ይጠረግ፣ ቱቦው ይከፈት፣ የረገበው ቦታ ጠጠር ይልበስ። ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ደግሞ መኪና ከታች ይቁም፤ ጓዙ በአህያ፣ እኛ በእግር። ልጆቹ ቢደክሙ ይድከሙ፤ እቤት ስልክ ላይ ከመዋል ይሻላል።

ጎረምሳውን «ቦዩን ራስህ ብትጠርገውስ?» አልኩት።

«ማን ይከፍለኛል?»

የመግቢያ ደረሰኜ በኪሴ ውስጥ ርሶ ተጣብቋል። ከዚያ ገንዘብ ትንሿ እንኳ በየግንቦቱ ለእነዚያ አካፋዎች ብትደርስ ኖሮ፣ ያን ዕለት መኪናዬን የሚገፋልኝ ሰው ባላስፈለገኝ።