የወፍራም ታዳጊ ትንፋሽ ማጠር «ስንፍና» አይደለም

በአገራችን ልጅ ሲወፍር «አምሮበታል፣ ተመችቶታል» ይባላል። ይሁን እንጂ ዘመኑ እየተለወጠ ነው። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች መካከል ከልክ በላይ ክብደት ያላቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 3 ነበሩ፤ በ2016 ግን 8 ደርሰዋል። በከተማ ቁጥሩ በ2016 21 ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ውፍረት ሲነሳ ልብና ስኳር ይታወሱናል፤ ሳንባን ግን እንረሳዋለን። ስንተነፍስ በደረትና በሆድ መካከል ያለው ድያፍራም የተባለ ጡንቻ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሳንባም ይሰፋል። በሆድና በደረት የተከማቸ ስብ ይህን እንቅስቃሴ ይጫነዋል። በመሆኑም አየር ካስወጣን በኋላ በሳንባ ውስጥ የሚቀረው አየር ይቀንሳል፣ ትንንሾቹ የአየር ቧንቧዎች ይጠብባሉ፣ መተንፈስም ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል። ውፍረት ለአስም የመጋለጥ ዕድልንም ይጨምራል።

እንደ ቆሰበር ባለ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚገኝ ከተማ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። የማገዶና የከሰል ጭስ ሲታከልበት ሸክሙ ይብሳል።

በእኔ እምነት ሁለት ስህተቶች መታረም አለባቸው። አንደኛው ሲሮጥ የሚያለከልክን ታዳጊ «ሰነፍ ነው» ብሎ ማሸማቀቅ ነው። ሁለተኛው «አስም ነው» ብሎ ያለ ምርመራ መድኃኒት መስጠት ነው። ትንፋሽ ማጠሩ ከውፍረት፣ ከአስም ወይም ከሁለቱም ሊሆን ስለሚችል፣ የሚለየው በሐኪም ምርመራና በሳንባ አቅም መለኪያ (ስፓይሮሜትሪ) ነው።

መምህራንም ወፍራሙን ተማሪ ከስፖርት ክፍለ ጊዜ አያስቀሩት፤ ከፈጣኖቹ ጋርም አያሽቀዳድሙት። በእግር ጉዞ ጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። ትምህርት ቤት በባጃጅ ከመሄድ በእግር መሄድ ጥሩ ጅማሬ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ልጁን አታስርቡት፤ ገና በማደግ ላይ ነው። ቁመቱ እየጨመረ ክብደቱ ባለበት ቢቆም እንኳ ለብዙዎች ትልቅ ለውጥ ነው። ለስላሳ መጠጥንና ጣፋጭን ቀንሱ፤ ለውጡም የልጁ ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡ ሁሉ ይሁን። በእንቅልፍ ላይ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ የሚቋረጥ፣ ደረቱ የሚያፏጭ ወይም በእንቅስቃሴ ጊዜ ራሱን የሚስት ከሆነ ግን ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።