የሽማግሌው ዕብራይስጥ የማን ቀልድ ነው?

ሰንበት ወጥቶ ቡና ሲፈላ፣ ቤር ሼቫ ውስጥ በብዙ ቤት የሚታይ ነገር ነው። ልጆች ከየከተማው መጥተዋል፤ የልጅ ልጆች ቤቱን ሞልተውታል። ከመካከላቸው አንዱ፣ አሥራ ሦስት አሥራ አራት ዓመት የሚሆነው፣ ብድግ ይልና አያቱን ያስመስላል። አባባ ኩፓት ሆሊም ሄደው ከጸሐፊዋ ጋር በዕብራይስጥ ሲነጋገሩ እንዴት እንደሚሆኑ፣ ድምፁን ዝግ አድርጎ፣ ቃሉን እየሰባበረ፣ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ እያደረገ ይጫወተዋል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እማማ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስቃሉ። አባባም ይስቃሉ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሲኒያቸውን ያስቀምጡና ትንሽ ዝም ይላሉ።

ልጁ ክፉ አይደለም። አያቱን ይወዳል። ጨዋታውንም ከራሱ አላመነጨውም። በቴሌቪዥን ያየው፣ ትምህርት ቤት የሰማው ነው። በፑሪም ፊቱን ጥቁር ቀለም ቀብቶ የሚወጣ ሰው በዚህ አገር ብርቅ አይደለም፤ ልጁ እሱንም አይቷል። እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው፦ የአንድን ሕዝብ አነጋገር፣ አለባበስ፣ ጭፈራና መልክ ወስዶ ማሳቂያ ማድረግ የሚፈቀደው ለማን ነው? በዓለም ላይ ይህን ‹‹የባህል ነጠቃ›› እያሉ ይከራከሩበታል። ለቤር ሼቫ ሽማግሎች ግን ጉዳዩ የዩኒቨርሲቲ ክርክር አይደለም። በየሳምንቱ ሳሎናቸው ውስጥ የሚቀመጥ እንግዳ ነው።

ነገሩ በቤተ እስራኤል አልተጀመረም። በ1964 ‹‹ሳላህ ሻባቲ›› የሚባል ፊልም ወጣ። የጻፈውና ያዘጋጀው ከሃንጋሪ የመጣው ኤፍራይም ኪሾን ነው። ሳላህ ከምሥራቅ አገሮች የመጣ አዲስ ገቢ ነው፤ ልጆቹን አስከትሎ ከአውሮፕላን ይወርዳል፣ መዓባራ ውስጥ ይጣላል፣ ሥራ አይወድም፣ ቁማር ይወዳል። ሳላህን የተጫወተው ግን ከምሥራቅ አገር የመጣ ሰው አልነበረም። ቴል አቪቭ የተወለደው አሽከናዚው ሃይም ቶፖል ነበር፤ ያኔ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ጢም ተለጥፎለት። ፊልሙ ለኦስካር ሽልማት የታጨ የመጀመሪያው የእስራኤል ፊልም ሆነ። አገሩ ሁሉ ሳቀ።

ከሞሮኮ፣ ከኢራቅ፣ ከየመን ከመጡት መካከል ግን ‹‹አባታችን ሰነፍ አልነበረም፣ ይህ ስማችንን ማጥፋት ነው›› ያሉ ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ሌሎች ደግሞ ‹‹ፊልሙን ደግመህ እየው›› ይላሉ። እውነትም ሳላህ ሞኝ ይመስላል እንጂ በመጨረሻ የሚሞኙት ባለሥልጣናቱ ናቸው። ዛፍ በሚተከልበት ቦታ ባለሀብት እንግዳ በመጣ ቁጥር የለጋሹ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ሲቀያየር አይቶ የሚጠይቀው እሱ ነው። ቤት ስጡን ብሎ ሲለምን ያጣውን፣ ‹‹ቤት አንፈልግም›› ብሎ ሰልፍ ሲወጣ የሚያገኘው እሱ ነው። በአንድ ፊልም ውስጥ ስድብም ፍርድም አብረው ተቀምጠዋል። ስድሳ ዓመት ያለፈው ክርክር እስካሁን ያልተዘጋው ለዚህ ነው።

ከዚያ ወዲህ የቤተ እስራኤል ተራ መጣ። በ2017 ‹‹ነብሱ›› የሚባል ተከታታይ ኮሜዲ በቴሌቪዥን ወጣ። ነብሱ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ሚስቱ አሽከናዚ ናት፤ ሁለቱ ቤተሰቦች በየጊዜው ይጋጫሉ፣ ይስቃሉ፣ ይታረቃሉ። በኅዳር 2018 ተከታታዩ ኒው ዮርክ ላይ የዓለም አቀፉን ኤሚ ሽልማት በኮሜዲ ዘርፍ አሸነፈ። ነብሱን የተጫወተው ዮሲ ቫሳ ነው። ዮሲ ኢትዮጵያ ተወልዶ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር በእግሩ ወደ ሱዳን የተጓዘ ሰው ነው። ታሪኩን የጻፈው ከሻይ ቤን አታር ጋር ሆኖ ነው፤ ሻይ ኢትዮጵያዊ አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊትም ሁለቱ አብረው የጻፉት፣ ዮሲ ብቻውን መድረክ ላይ የሚጫወተው ትርኢት ነበር። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ ‹‹በአማርኛ ሲባል የበለጠ ያምራል›› ማለት ነው።

በዚህም ላይ ሽማግሎች አንድ ዓይነት አስተያየት የላቸውም። ‹‹ገመናን አደባባይ ማውጣት ነው፤ ፈረንጅ የሚስቅብን አነሰንና ራሳችን እናሳቅበት?›› የሚሉ አሉ። ይህ አባባል በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም። በራስ ላይ መቀለድ፣ ልኩን ካለፈ፣ ለሌላው ፈቃድ መስጠት ይሆናል። ‹‹እናንተ ራሳችሁ ስቃችሁ የለም እንዴ?›› ብሎ የሚመጣ አይጠፋም።

ነገር ግን በሳላህና በነብሱ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ሳላህ ሲጻፍ የመዓባራው ሰው ብዕሩን አልያዘም ነበር። ነብሱ ሲጻፍ ግን ያ መንገደኛ ልጅ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጧል። አንድ ቃል ሲያምም ‹‹ይህ ያማል›› የሚል ሰው ክፍሉ ውስጥ አለ። ጸሐፊዎቹ ሁለቱም ከአንድ ወገን አለመሆናቸው ነገሩን አላበላሸውም። እንግዲያው ዋናው የደም ጉዳይ አይደለም። ባለቤቱ ተጠይቋል ወይ፣ ድርሻስ አለው ወይ ነው።

ይህን በደንብ የሚያሳየው ከሩቅ አገር የመጣ ምሳሌ ነው። እንግሊዛዊው አይሁዳዊ ሳሻ ባሮን ኮሄን ‹‹ቦራት›› የሚባል የካዛኪስታን ጋዜጠኛ ሆኖ በ2006 ፊልም ሠራ። እስራኤል ውስጥ ያዩት ሰዎች በእጥፍ ሳቁ፤ ቦራት የሚናገረው ‹‹የካዛክ ቋንቋ›› አብዛኛው ዕብራይስጥ ነበርና። የካዛኪስታን መንግሥት መጀመሪያ ተቆጣ። በ2020 ግን የአገሪቱ የቱሪዝም መሥሪያ ቤት የቦራትን ዝነኛ ንግግር ለራሱ ማስታወቂያ አደረገው። ቀልዱ አሜሪካኖችን እንጂ ካዛኮችን አይደለም የነካው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። መንግሥት አቅም አለው፤ ስድቡን ወደ ገበያ ለወጠው።

አቅም የሌላቸው ግን ሌሎች ነበሩ። የቦራት መንደር ተብሎ የተቀረጸው ካዛኪስታን ውስጥ አይደለም፤ ግሎድ የምትባል የሩማንያ ድሃ መንደር ናት። ብዙዎቹ ነዋሪዎች የሮማ ወገን ናቸው። ስለምን እንደሚቀረጹ በቅጡ ሳይነገረን፣ በጥቂት ገንዘብ፣ የዓለም መሳቂያ ሆንን ብለው ክስ እስከ መመሥረት ደረሱ፤ አልተሳካላቸውም። ባለፊልሙ የዋህ አሜሪካዊውን ሊያጋልጥ ተነስቶ ይሆናል። በመንገዱ ላይ የተረገጡት ግን እነዚያ ባላገሮች ናቸው። ሽሙጥ ማንን እንዳነጣጠረ ብቻ ሳይሆን ማንን ረግጦ እንዳለፈም መጠየቅ ያስፈልጋል።

በሙዚቃውም ያው ጥያቄ ይነሳል። ኢዳን ራይኸል በአዳሪ ትምህርት ቤት ከኢትዮጵያ ከመጡ ወጣቶች ጋር ሲሠራ ዘፈናቸውን ሰማ፤ በ2002 ባወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ላይ የአማርኛ ድምፅ አስገባ። እንደ ካብራ ካሳይ ያሉ ልጆች ከእሱ ጋር ዓለምን ዞሩ። ‹‹አማርኛን በእስራኤል ሬዲዮ ያሰማው እሱ ነው›› የሚለው እውነት አለው። ‹‹ድምፁ የእኛ፣ ስሙ የእሱ ሆነ›› የሚለውም እውነት አለው። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ይቻላል፦ በሩን ለከፈተ ምስጋና፣ በበሩ ለገባው ደግሞ ስምና ድርሻ።

ሽማግሎች ይህን ለመመዘን ከውጭ አገር ሚዛን መበደር የለባቸውም። በጎንደር በኩል ያደገ ሰው አለቃ ገብረ ሃናን ያውቃል። ከአፄ ቴዎድሮስ እስከ አፄ ምኒልክ ዘመን ሲነገርላቸው የኖረው ቀልድ ለምን እስከ ዛሬ ቆየ? መኳንንቱን፣ ግብዙን ካህን፣ ንፉጉን ጌታ ስለሚነካ ነው። አዝማሪውም ማሲንቆውን ይዞ ሰምና ወርቅ ሲያወጣ፣ ግብዣ ላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠውን ነው የሚወጋው። በዚያ ባህል ቀልድ ወደ ላይ ሲወረወር ጀግንነት ነው፤ ወደ ታች ሲወረወር ነውር ነው።

ሐቁን ለመናገር ግን እዚያም ወደ ታች የተወረወረ ነበር። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን ‹‹ጠይብ››፣ ‹‹ቡዳ›› እያሉ የሚቀልዱ፣ ‹‹ፈላሻ›› የሚለውን ስም እንደ ስድብ የሚወረውሩ ጎረቤቶች ነበሩ። በከተማም የባላገሩን አነጋገርና አማርኛ የማይቀናውን ሰው እያስመሰሉ ማሳቅ የተለመደ ነበር። ስለዚህ የቤተ እስራኤል ሽማግሌ ወደ ታች የሚወረወር ቀልድ ምን እንደሚያደርግ ከማንም በላይ ያውቃል። በቀልድ የተጀመረው ‹‹ቡዳ›› በብዙ ቦታ በቀልድ አላበቃም። ሰው አስፈርቷል፣ አስገልሏል፣ ሕይወትም አስጠፍቷል።

ወደ ሳሎኑ እንመለስ። የልጅ ልጁ ጨዋታ ለምን ያማል? ዮሲ ቫሳ ለትርኢቱ ያወጣው ስም መልሱን ይዟል። እኚያ አባባ በዕብራይስጥ ሲናገሩ ልጅ ይመስላሉ። ቃል ይጠፋቸዋል፣ ሰው ያቋርጣቸዋል፣ ጸሐፊዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንደ ደንቆሮ ታናግራቸዋለች። በአማርኛ ሲናገሩ ግን ዳኛ ናቸው። ባልና ሚስት ያስታረቁ፣ ደም ያደረቁ፣ ቤተሰብ ይዘው በሌሊት ወደ ሱዳን የሄዱ ሰው ናቸው። በዚያ መንገድና በሱዳን መጠለያዎች ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖች ቀርተዋል ይባላል፤ እሳቸው የቀበሩትን ያውቃሉ። ‹‹ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል›› ይላል ተረቱ። እኚህ ሰው በእስራኤል የሚፈረድባቸው ግን በማይችሉት ቋንቋ ነው። ልጁ አማርኛ ስለማያውቅ የሚያውቀው ያንን ግማሽ ሰው ብቻ ነው። የሚያስመስለውም ግማሹን ነው።

የተወሰደውም ይኸው ነው። በቴሌቪዥን የሚታየው አስመሳይ የሽማግሌውን ስብርብር ዕብራይስጥ ይወስዳል፤ አማርኛውን ይተዋል። ነጠላውን ይወስዳል፤ የለበሰውን ሰው ክብር ይተዋል። እስክስታውን ይወስዳል፤ ለምን እንደሚጨፈር አይጠይቅም። ባህል ሲወራረስ ኖሯል፣ ይወራረሳልም፤ ማንም ሊያቆመው አይችልም። የሚያሳዝነው ቅርፊቱ ተወስዶ ፍሬው ሲጣል ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንዳንዶች ‹‹ይከልከል›› ይላሉ። አይሆንም። ቀልድ በሕግ ከተከለከለ መጀመሪያ ዝም የሚሉት እንደ ዮሲ ቫሳ ያሉት ናቸው፤ ተሳዳቢው ሌላ መንገድ ያገኛል። ‹‹ተዉት፣ ቀልድ ነው›› የሚሉም አሉ፤ ይህም አይሆንም። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም። ዛሬ በእስራኤል ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን አይሁዶች አሉ። ይህን ያህል ሕዝብ ‹‹ይህ ገጸ ባሕርይ ሲጻፍ ከእኛ ማን ነበር?›› ብሎ ቢጠይቅ መልስ አያጣም።

ቤር ሼቫም ለዚህ ባዶ አይደለችም። ከተማዋ የራሷ ቲያትር አላት። የጉድማን የትወና ትምህርት ቤትም እዚሁ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ካራቫን በተተከለበት በናሀል ቤቃ ያደጉ ልጆች ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ከመካከላቸው መጻፍና መጫወት የሚችል አይጠፋም። ሽማግሎችና ቄሶች የሚጠበቅባቸው ቴሌቪዥኑን መርገም አይደለም። ‹‹ቲያትር የዋልጌ ሥራ ነው›› ማለትን ትተው፣ እንዲህ ያለውን ልጅ ቤታቸው ጠርተው ታሪኩን መስጠት ነው። ታሪክ ያልተሰጠው ቀልደኛ የሚቀልደው በአነጋገር ብቻ ነው። ትምህርት ቤቶችንም ከፑሪም በፊት ሄዶ ማነጋገር ይቻላል። ‹‹ፊታችሁን ጥቁር አትቀቡ፤ ይህ ልብስ አይደለም፣ የክፍል ጓደኛችሁ መልክ ነው›› የሚለውን ቃል ከሽማግሌ አፍ የሰማ ልጅ አይረሳውም።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን ሳሎን ውስጥ ያለው ሥራ ነው። ልጁ አስመስሎ ሲጨርስ አባባ ዝም አይበሉ። አይቆጡትም። ይሳቁለት፣ ከዚያም ‹‹ና ልጄ፣ አጠገቤ ተቀመጥ። የጀመርከውን ጨርስ። አሁን ደግሞ ሰው ሳስታርቅ አስመስለኝ›› ይበሉት። ልጁ አይችልም፤ ቃሉ የለውም። ያኔ አንድ ቃል ያስተምሩት። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ። አንድ ቀን ያ ልጅ መድረክ ላይ ቢቆም፣ ሰው የሚስቀው በአያቱ ዕብራይስጥ አይሆንም። አያቱ በአማርኛ በሚናገሩት ቁም ነገር ይሆናል።