እንቅልፍን ያልጠበቀ ምዝገባ

የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ከቢስቲማ በሐይቅ አድርጎ ወደ ደሴ፣ ካስፈለገም እስከ አዲስ አበባ፣ ለአንጎል ኤሌክትሪክ ምዝገባ (ኢኢጂ) ሲጓዝ ሌሊቱን በቅጡ ሳይተኛ ነው። ምርመራው ላይ ቢያንቀላፋ አያስደንቅም። ባለሙያው «ንቃ» እያለ የሚቀሰቅሰው ከሆነና ከ20 ወይም ከ30 ደቂቃ በኋላ «ጤናማ» የሚል ውጤት ይዞ ከተመለሰ፣ የጉዞው ዋና ጥቅም እዚያው ክፍል ውስጥ ቀርቷል። ውጤቱን ያየ ቤተሰብ መድኃኒቱን ሊያስቆምም ይችላል።

አንጎል ሲተኛ ምቱን የሚያመነጨው ዑደት ይለወጣል። ሃንስ በርገር በ1929 (እ.ኤ.አ.) ያሳወቀው፣ ዓይን ሲከደን በሰከንድ 10 ጊዜ ገደማ የሚመታው የአልፋ ሞገድ የነቃ ግን ያረፈ አንጎል ምልክት ነው። እንቅልፍ ሲጀምር የአልፋው ሞገድ ይከስማል። ታላመስን የሚሸፍኑት ገቺ ሕዋሳት ወደ ኮርቴክስ የሚያስተላልፉትን ሕዋሳት ይጫናሉ፤ በዚሁ ጫና የተጨቋኞቹ የካልሲየም በሮች ለመከፈት ይዘጋጃሉ፤ ጫናው ሲላላም ሕዋሳቱ በአንድነት ይተኩሳሉ። ተኩሱ ገቺዎቹን መልሶ ስለሚቀሰቅስ ዑደቱ በሰከንድ ከ11 እስከ 16 ጊዜ እየተመላለሰ የእንቅልፍ እንዝርት የተባለውን ሞገድ ይሠራል። (ጥጥ ለምትፈትል እናት ስያሜው ማብራሪያ አያሻውም፤ መሐሉ ወፍሮ ጫፍና ጫፉ ይቀጥናል።) በንቃት ጊዜ ከአንጎል ግንድ የሚመጡት አሴቲልኮሊንና ኖራድሬናሊን ይህን ዑደት ያፈርሱታል።

ብዙ ሕዋሳት በአንድነት መተኮሳቸው ለበሽታውም በር ይከፍታል። በንቃት የተሰወረው የሚጥል በሽታ ፍንጣቂ በእንቅልፍ፣ በተለይም ሕልም በሌለበት የእንቅልፍ ክፍል፣ ጎልቶ የሚታየው በአብዛኛው ለዚህ ነው።

ጉዳዩ ጥቂቶችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት አጥንተው በ1990 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ሥራ ከ60,820 ሰዎች መካከል 316ቱ የሚጥል በሽታ ነበረባቸው፤ ከ1,000 ሰው 5.2 መሆኑ ነው። በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች በእንቅልፍ ላይ የሚቀርቡ የመመረቂያ ጥናቶች ግን፣ ጫትንና እንቅልፍን የሚመለከቱት ጭምር፣ በብዛት በመጠይቅ የሚሠሩ ናቸው። መጠይቅ ሰው ስለ እንቅልፉ ያለውን ይመዘግባል፤ እንዝርቱን አያይም።

መሣሪያው ጥቂት ነው፣ ወረፋው ረጅም ነው የሚለው መከራከሪያ ክብደት አለው። ሆኖም ተጨማሪው ወጪ አልጋ፣ መጋረጃና አንድ ሰዓት ነው፤ ያልተሟላ ምዝገባን መድገም ከዚህ ይበልጣል፣ ለሩቅ ተጓዥ ደግሞ እጅግ ይበልጣል። ልጅን ሆን ብሎ ማስነቃት መናድን ሊያባብስ ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይደረግም፤ በጉዞ ደክሞ የመጣውን ግን ማስተኛት ብቻ ይበቃል። በእንቅልፍ ተመዝግቦ ምንም ያልታየበትም ቢሆን የቤተሰቡ ምስክርነት ከወረቀቱ በፊት ይሰማል። ለድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚስማማው ቀላል ጥናትም እዚህ አለ፦ በአንድ ማዕከል የንቃትና የእንቅልፍ ምዝገባ ከየአንዳንዱ ታካሚ ተወስዶ፣ ሁለተኛው ስንቱን «ጤናማ» ውጤት እንደሚለውጥ መቁጠር።