ያልፈረሙት እማማ

ስለ ሰማዕትነት ሲነሣ አቡነ ጴጥሮስን የማይጠራ የለም፤ ፋሺስቶች ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ የረሸኗቸው ጳጳስ ናቸው። የቄስ ጉዲና ቱምሳ ስም ግን ከመካነ ኢየሱስ ግቢ ውጭ ብዙም አይሰማም። የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። በደርግ ታስረው ሲፈቱ፣ የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ኔሬሬ ከአገር የሚወጡበትን መንገድ አመቻችተውላቸው ነበር፤ እምቢ አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ኡራኤል አካባቢ ከሚገኘው ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ታፍነው ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም አሥር ዓመት ገደማ እስር ቤት ከረሙ።

ይህን ስናወራ ልባችን ይሞቃል። ደርግም ፋሺስትም ስለሌሉ የሚያስፈራን ነገር የለማ!

የኮሪደር ልማቱ ወደ እኛ ቀበና ሲመጣ ግን ሌላ ሒሳብ አየሁ። በቀበሌ ቤት ያረጁ ጎረቤቴ ዘንድ አንድ ማታ ታናሽ ወንድማቸው መጣ። «እታለም፣ ልጄ ደባል ሆኖ አብሮሽ ይኖር ነበር ብለሽ ፈርሚልኝ። ለምትክ ቤት ነው፤ ወረቀቱ ነገ ጠዋት ይገባል።» ልጁ የሚኖረው ኮልፌ ነው። የንስሐ አባታቸውን ለመጠየቅ እንኳ ጊዜ አልነበረም። እማማ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ ከዚያ እስክሪብቶውን መለሱለት።

ወንድምየው ለፋሲካ አልመጣም። በዕድሩ ድንኳን ውስጥ እንኳ «ብትፈርም ምን ነበረበት፣ ከመንግሥት እንጂ ከሰው አይወሰድ» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህን ካሉት መካከል በየእሑዱ ነጠላ አጣፍተው የሚያስቀድሱ አሉ።

መጀመሪያ አባቴን ልቅበር ያለው ሰው ቀጠሮ እንዳላገኘ ወንጌሉን የምናውቅ ሁሉ እናውቃለን። ክርስቶስን መከተል የሚጠየቀው እንዲህ ነው፤ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የሥጋ ዘመድ እስክሪብቶ ይዞ ቆሞ። ታዲያ ሰባኪዎቻችን «በረከት ይሁንላችሁ» ሲሉ ዋጋውን ለምን ይደብቁናል?

ከዚህ በላይ የሚያናድደኝ ግን የከፈሉትን ብቻቸውን መተዋችን ነው። ሰበካ ጉባኤው ለጣሪያና ለጉልላት ኮሚቴ ያቋቁማል። እስቲ ሁለት ሽማግሌ መርጦ ኮልፌ ይላክ፤ ያን ወንድም ያናግሩት። ካህኑም የእማማን ቤት ለጠበል ጠዲቅ ብቻ አያንኳኩ።